በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ለሚሠራው ፓይተን

ይድረስ በአትላንታ አጠገብ በታከር ከተማ ላለው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ባለቤትና ኃላፊ ለሆኑት ለክቡር አቶ ገብረእግዚአብሔር፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ተናኘወርቅ፣ በዳውንታውን አትላንታ የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ የነበርኩት ተማሪዎ፣ ኢሜይል ለመመለስ እንኳ ጊዜ እንደሌለዎ ስለማውቅ እንዳላስቸግርዎ ብዬ በአደባባይ ጽፌልዎታለሁ።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ይቀበሉኝ። የምሠራበት ቡዝ፣ ገንዘብ የምቀበልበት ትንሽ ክፍል፣ ተነሥቶ በማሽን እንደሚተካ በተነገረኝ ጊዜ፣ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተምሬ ፈተናውን ካለፍኩ የቢሮ ሥራ እንደሚያስቀጥሩኝ ቃል የገቡልኝ እርስዎ ነዎት። ቅሬታዎቼ እነዚህ ናቸው።

፩. የመጀመሪያው ትምህርትዎ «አስፈላጊዎቹን ፓኬጆች ከኮማንድ ላይን ኢንስቶል አድርገው ይቀጥሉ» ይላል። ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ፣ ፓኬጅ የሚሉትን ተጨማሪ የፓይተን መሣሪያ የሚጭነውን ትዕዛዝ እንዳለ ጻፍኩ፤ በሚገባ ተጭኗል አለኝ። ፕሮግራሜን ሳስነሣ ግን እንዲህ የሚባል ፓኬጅ የለም ብሎ በቀይ መለሰልኝ። ደግሜ ልጭን ስል ቀድሞ ተጭኗል አለኝ። ይህን በጻፍኩልዎ ጊዜ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ እንደሚሠራ በአንድ መስመር ስላበሠሩኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

፪. እርስዎ ከዚያች አንድ መስመር በቀር ባይረዱኝም ወገን አልጨከነብኝም። የጎረቤቴ ወንድም ታዲዮስ ላፕቶፔ ላይ ያለው ፓይተን አሮጌ ነው ብሎ አዲስ ጫነልኝ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ነቢዩ የታዲዮስ አይረባም ብሎ የራሱን ጫነ፤ የአክስቴ ልጅ ሲና ደግሞ ከሩቁ ኬኔሶ ከተማ ድረስ ነድታ መጥታ ሌላ ጨመረችበት። ለእኔ ብሎ የደከመን ሰው ተው አይባል፣ የጫነውንም ማጥፋት ነውር ነው፤ ሁሉንም አብልቼና አመስግኜ ሸኘሁ። ይሉኝታን በትምህርትዎ ውስጥ ስላላካተቱ አልወቅስዎትም።

፫. በፈተናው ቀን ያው ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ፈታኟ አንዴ አየት አድርገው፣ ላፕቶፔ ከመጀመሪያውም ሁለት ፓይተን እንደነበረው፣ ረዳቶቼም እንዳበዙት፣ ፓኬጆቹ ታዲዮስ በጫነው ውስጥ ሲገቡ ፕሮግራሜ የሚነሣው ግን ሲና በጫነችው እንደሆነ ነገሩኝ። አዘኑልኝ፤ ሰዓቱ ግን አልቆ ነበር። አፈርኩ፤ ተናደድኩም። ፓኬጁ ለየትኛው ፓይተን እንደሚገባ መጀመሪያ ይታይ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ እጅዎን ያደክም ስለነበር ተረድቼዎታለሁ።

ቡዙ ባለፈው ሳምንት ተነሥቷል። ለሚቀጥለው ዙር እንደ አዲስ ከፍዬ እንድመዘገብ ስለጋበዙኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እኔ ግን ከዚህ በኋላ አልችልም፤ ደክሞኛል።

ማሠልጠኛዎ እንዲሰፋ፣ ኮምፒውተርዎም ለብቻዎ መሥራቱን እንዳያቋርጥ አጥብቃ የምትመኝ፣
አክባሪዎ ተናኘወርቅ
ሥራ ፈላጊ፣ አትላንታ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ላፕቶፔን ታቅፌ የምስቅበትን ፎቶ ከማስታወቂያዎ ላይ እስካሁን ስላላወረዱልኝ አመሰግናለሁ። ትናንት ሐረገወይን የምትባል በሌላ ፓርኪንግ የምትሠራ እህት እሱን አይታ ደወለችልኝና ትምህርቱ ያዋጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የእሷም ቡዝ ሊነሣ ነው። ተስፋዋን ለመቁረጥ አንጀቴ አልቻለም፤ ጥሩ ነው አልኳት። ሰኞ ትመዘገባለች።