እጄን ያላወጣሁበት ስብሰባ

ሰኞ
ካቦው ዛሬም ልጄን ዘነበችን በሰው ፊት ተቆጣት። «ሆድሽ የቡናውን መስመር ዘጋው» አላት። ቅርጫቷን ልሸከምላት ሄጄ ስለነበር ሰማሁት። «አንተንስ ማን ወለደህ?» አልኩት። ለቃሚው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።
ዘነበች መውለጃዋ ደርሷል። ባሏ ዘምቷል። ቋሚ ሠራተኛ ስትወልድ ዕረፍት አላት፤ እንደሷ ያለች የቀን ሠራተኛ ግን የላትም። ከለቀማ ከቀረች እርሻው የሰጣትን ክፍል ትለቃለች። ክፍሉ ደግሞ በሷ ስም ነው፤ እኔ ተጠግቼ ነው ያለሁት። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው።

ማክሰኞ
ሐሙስ ከአዲስ አበባ ኮሚቴ ይመጣል አሉ። መንግሥትን የሚያማክር ነው። ከዓለም አገሮች ጋር የሚፈረም የሥራ ስምምነት አለ፤ የቀን ሠራተኛም ስትወልድ ትረፍ፣ ከቤቷም አትነሳ ይላል። ይፈረም ወይስ ይቅር ብለው ሠራተኛውን ሊጠይቁ ነው።
ጎረቤቴ አባ ፊጣ፣ የጅማው፣ «ዓለም ቴፒን በምን አወቃት?» አለኝ።
«ቡናችንን እየጠጣ ነዋ!» አልኩት።
ዘነበች ግን ፈራች። «አባባ፣ በእናቴ ይዤሃለሁ፣ እንዳትናገር። ካቦው በኔ ይወጣዋል።» ቃል ገባሁላት። ደስ ሳይለኝ።

ረቡዕ
ዝናብ። ወገቧን እያመማት ለቀማ ሄደች። ጎደሬ ቀቀልኩላት። ግማሹ አልበሰለም። ሁሉንም በላችልኝ። እግዜር ይስጣት።

ሐሙስ
ምን ጉድ ነው ዛሬ ያየሁት!
ስብሰባ ላይ እጄን አላወጣም። ሚስቴን በቀበርኩ ሰሞን ለስብሰባ ጎትተው ወሰዱኝ፤ ያን ጊዜ እጄን ጋቢዬ ውስጥ እንደከተትኩ ቀረሁ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነኝ። እልኸኛ ይሉኛል። ይበሉኝ።
በኛ አዳራሽ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠራው «የሚደግፍ» ነው። ስለዚህ ሰው አይሰማም፤ ያንቀላፋል፣ ንባቡ ሲያልቅ እጁን ያወጣል። የኮሚቴዋ ሴትዮ ይህን ልማድ ከየት ታውቀው? ወረቀቱን አነበበችና «የሚቃወም እጁን ያውጣ» አለች።
አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ! ዘነበች ሳትቀር፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ!
ሴትዮዋ ደነገጠች። አጠገቧ ያለው ጸሐፊ መጻፍ ጀመረ። ከዚያ እጄን ያላወጣሁትን እኔን አየችኝ።
«አባቴ፣ እርስዎ ብቻ ነዎት የሚደግፉት?»
ዘነበች ልብሴን ጎተተችኝ። ቃሌ ትዝ አለኝ። ግን ያ ሰውዬ እየጻፈ ነው። ተነሣሁ።
«ልጄ፣ ይቺ እርጉዝ የኔ ልጅ ናት። እጇን ያወጣችው በራሷ ላይ ነው። ማናችንም አልሰማንሽም፤ የለመድነውን ነው ያደረግነው። እባክሽ እንደገና፣ ቀስ ብለሽ ጠይቂን።»
ስብሰባውን የጠራው ካድሬ በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። ሴትዮዋ ግን ጸሐፊውን «ሰርዘው» አለችው። እንደገና አነበበች። አባ ፊጣ በኦሮምኛ፣ አንዲት ሴት በሸኮኛ አስረዱ። የዚህን ጊዜ አዳራሹ ነቃ። ሁሉም ደገፈ። ካቦውም። እኔም አወጣሁ፤ ጋቢዬ ወደቀ።
«መቼ ይጀመራል?» አልናት። «እኛ እናማክራለን እንጂ አንወስንም» አለች። እውነቱን ስለነገረችን አመሰገንኳት።

ዓርብ
ዘነበች አኩርፋኛለች። «ቃል ገብተህልኝ ነበር» ብቻ አለችኝ። ልክ ናት። ካቦው የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ሲገባ አየሁት። ይህ ከስድቡ ይከፋል።

ቅዳሜ
ካቦው በራችን ላይ መጥቶ ቆመ። አለቀልን አልኩ።
«ሥራ አስኪያጁ ብለዋል፣» አላት፣ እኔን ሳያየኝ፣ «ከላይ መልስ እስኪመጣ የምትወልድ ሴት ከክፍሏ አትነሳም። ዕረፊ።» ሄደ። ትንሽ ራቅ ብሎ ዞረና «እኔንም የወለደችኝ እናት ናት፣ ጋሼ!» አለኝ።
ስቄ ልሞት። ዘነበችም ሳቀች። ኩርፊያው ያኔ ለቀቃት።

ሰኞ
ትናንት ሴት ልጅ ወለደች። የአባ ፊጣ ሚስት ናት ያዋለደቻት፤ ውለታዋን በምን እከፍላለሁ?
ስምምነቱ ይፈረም አይፈረም አላውቅም። ለከርሞ የሚወልዱት ምን እንደሚሆኑም አላውቅም። ያቺ ሴትዮ ግን ባለችበት ደህና ትሁን።
ጠዋት የሥራው ደወል ተደወለ። ለቃሚው ሁሉ በበራችን አለፈ። ዘነበች አልሰማችም። ልጇን አቅፋ ተኝታለች፣ ፀሐይ እስኪወጣ፣ በለቀማ ሰዓት።
አልቀሰቀስኳትም። ተመስገን።