የአርብ ቅበላ

ልጄ ትርፌ፣ የደብራችን ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፤ በሰው ቤት ሞገስ ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ዘንድሮ ጉልበቴም አይታማም። የምትጽፈው እህትሽ ሔለን ናት። ስትስቅብኝ «ያልኩሽን ጻፊ!» ብያታለሁ። ይህን በስልክ ያልጠየቅኩሽ ማዳም አጠገብሽ ትሆናለች ብዬ ነው።

ነነዌን ጾመን ፈታን። የቅበላው በግ ደጅ ታስሯል። በማኅበር ላይ «ልጄ አረብ አገር፣ አማን ከተማ፣ ባለፈው አርብ ከአገሯ ልጆች ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ቅበላ አደረገች» ብዬ ተናገርኩ። ጎረቤታችን ፀጋአብ «ጋሽ በላይነህ፣ አርብ ጾም አይደለም እንዴ? በምን ተቀበሉት፣ በሽሮ?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። «የዕረፍት ቀናቸው አርብ ነው፤ አንተ ምን ታውቃለህ!» ብዬ አፉን ዘጋሁት።

ግን ነገሩ ከነከነኝ። እውነት ምን ቀረበ? ሽሮ ነው ወይስ የአረቦቹ ፉል? ከምትሠሪበት ሰፈር፣ ከዳቡቅ፣ ታክሲ አይገኝም ብለሽኝ ነበር፤ በማን መኪና ሄድሽ? አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ከድግስ ስትመለሺ መጀመሪያ የምታወሪው የበላሽውን ነው። አሁን ግን የነገርሽኝ ስለ መዝሙሩና ስለ ቄሱ ብቻ ነው።

ማዳም ከቤት አላስወጣችሽ እንደሆነ ንገሪኝ። አልቆጣም፤ ፀጋአብም አይሰማም። ሄደሽ ከሆነ ደግሞ የቀረበውን ሁሉ አንድ በአንድ ንገሪኝ።

መልስሽ ሳይደርሰኝ በጉን አላርድም። ጾሙ ከቀደመን ለፋሲካ ይቆያል።

ያለሽበትን ቤት በር ለመግባትም ለመውጣትም እግዚአብሔር ይክፈትልሽ።

አባትሽ በላይነህ