ያልደረቀ ደንገል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

አዲሷ የፊዚክስ መምህርት ሐረግ ዛሬ ዘጠነኛ ክፍሎችን ከደንገል ትናንሽ ታንኳ አሠራቻቸው። ሳፋ ውስጥ አንሳፍፈው ጠጠር እየጫኑ ስለ መንሳፈፍና መስመጥ ሊማሩ ነበር። እኔ ይህንኑ ትምህርት አሥራ ስምንት ዓመት በጠመኔ ብቻ አስተማርሁት። የታንኳ ቀዛፊ ልጅ ሆኜ፣ ይህ ሐሳብ አንድም ቀን አልመጣልኝም። ቅናት አንገበገበኝ።

ትናንት ከጣና ዳር ያስቆረጠችውን ደንገል አሳይታኝ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ይሆናል?" ብላኝ ነበር። እርጥብ ነው። ያልደረቀ ደንገል ጭነት እንደማይችል ገና በልጅነቴ ከአባቴ ሰምቻለሁ።

"ይሆናል" አልኋት።

ታንኳዎቹ ሁለት ጠጠር እንኳ ሳይሸከሙ ሰመጡ። በመስኮት አየሁና ደስ አለኝ። እሷ ግን ሳቀችና፣ "ለምን ሰመጠ?" ብላ ልጆቹን ጠየቀቻቸው። ክፍሉ በክርክር ተናጋ። የእኔ ተማሪዎች እንዲህ ተከራክረው አያውቁም።

ከክፍል እንደወጣች ወደ እኔ መጣች። "ጋሼ፣ ልጆቹ የታንኳ ቀዛፊ ልጅ ነዎት አሉኝ። ነገ መጥተው ለምን እንደሰመጠ ያስረዱልን።"

እሺ አልሁ። ነገ በልጆቹ ፊት ቆሜ፣ "ደንገሉ ስላልደረቀ ነው" ስል፣ እሷም ከኋላ ቆማ ትሰማኛለች።