ርብ ሳይሞላ ስለ ተመታው ከበሮ

ወረታ አጠገብ፣ ከርብ ወንዝ ዳር
ሐምሌ ፲ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለክቡር የተዘዋዋሪ ሲኒማ ጽሕፈት ቤት ዋና ሹም
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጣራዎ እንዳያፈስ፣ እግርዎ እንዳይርስ፣ ጉንፋንም ደጅዎን እንዳይረግጥ ዘወትር እጸልያለሁ፤ እርስዎ ታመው ቢተኙ ስለ ገዛ አገራችን የማናውቀውን የሚነግረን ሰው እናጣለንና። እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴም የታመመው በእርስዎ ሲኒማ ምክንያት ስለ ሆነ በተራው እደርስበታለሁ።

እኔ አዛናው ትሁን እባላለሁ፤ በፎገራ ሜዳ የማርስና ከብት የማረባ ሽማግሌ ነኝ። ማንበብና መጻፍ የተማርሁት ጎልምሼ፣ ያለ አስተማሪ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ የፊደል ስሕተት ቢያገኙ የእኔ ነው፤ የነገር ስሕተት ያገኙ ከመሰለዎት ግን ደግመው ያንብቡት። ደብዳቤውን በጋዜጣም እንዲወጣ እልከዋለሁ፤ የእርስዎ መሥሪያ ቤት የሚሠራው ሁሉ በአደባባይ የሚታይ ስለ ሆነ የእኔን ምስጋና በጓዳ ማቅረብ ነውር መስሎ ታየኝ።

ባለፈው ጥር ሰዎችዎ ስለ አገራችን ከበሮ መቺዎች ፊልም ሊያነሡ ወደ እኛ ሰፈር መጥተው ነበር። ቤታችን ድረስ ስለ መጡልን እናመሰግናለን። የመጡበትን ነገር ሳይጠይቁ ስለ ተመለሱ ግን አስቀድሜ እኔ ልንገርዎ።

በርብ ዳር ባለችው ጉብታ ላይ የሟች ወንድሜ ሚስት ገላነሽ ትኖራለች። በደጇ አንድ ትልቅ ከበሮ ተሰቅሏል። ይህ ከበሮ ለሠርግ አይመታም፤ ለበዓልም አይወጣም። የሚመታው ርብ ሞልቶ ከዳርቻው ሲያልፍ ብቻ ነው። ምቱም ቃል አለው፤ አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል ሆኖ «ርብ ሞላ፣ ርብ ሞላ» ይላል። ይህን የሰማ ሰው ከብቱን ፈትቶ፣ ልጁን አዝሎ ወደ ዳገቱ ይወጣል። የሚበላ ጉርሻውን አይጨርስም፤ የሚጣላም ጥሉን ለዳገቱ ያቆየዋል። ውኃ ሳይመጣ ይህን ምት መምታት በእኛ ዘንድ እንደ ሐሰት መሐላ ይቆጠራል፤ ልጆች እንኳ ለጨዋታ አይመቱትም። ነገሩ ይህ ነው። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ. መቺውን ስለ መረጡልን። የፊልሙ አለቃ ገላነሽን ባያት ጊዜ «ሴት? የለም፣ የለም፤ ተመልካች አያምነንም» አለ። እርሷም ብትሆን «ርብ ሳይሞላ አልመታም፤ ብመታ ውኃው ይታዘበኛል» ብላ ወደ ቤቷ ገባች። አለቃው ግን የውኃ ትዝብት የሚያስጨንቀው ሰው አልነበረምና ከወረታ ሌላ ከበሮ አስመጥቶ፣ ከሐሙሲት ደግሞ ደሳለው የሚባለውን የከብት ደላላ አመጣ። ደሳለው ቁመናው ያማረ ነው፤ ይህን አልክድም። ከበሮ ግን መትቶ አያውቅም። የበሬ ቆዳ በእጁ መትቶ የሚያውቀው ገበያ ላይ «ሥጋው እንዲህ ነው» እያለ ገዢ ሲያታልል ነው። ጎፈር አጠለቁለት፤ የአንበሳ ጠጕር ማለቴ ነው፤ ከጎርፍ ሲሸሹ በጭቃ ውስጥ የሚጠለቅ ይመስል። ጥቁር መነጽር እንስጥህ ሲሉት ደግሞ ከልጅነቱ ሲሰማት ያደገውን፣ የጎረቤቶቹን ሁሉ ሕይወት የያዘችውን ምት ያለ ነውር መታላቸው። እየመታም ዘለለ፤ ትከሻውን ሰበቀ፤ ጥርሱንም እስከ መንጋጋው አሳየ። ክቡር ሆይ፣ በእኛ አገር ጎርፍ መጣ ብሎ የሚስቅ ሰው ፊልም አይነሣም፤ ጠበል ይወሰዳል።

፪ኛ. በዓል ስለ ሰጡን። በፊልሙ ውስጥ አንድ የማይታይ ሰው በሚያምር ድምፅ «የፎገራ ገበሬዎች የወንዙን ሙላት በከበሮና በጭፈራ፣ በታላቅ ደስታ ይቀበላሉ» ይላል። ከአያት ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ሳናከብረው የኖርነውን በዓል ስለ ነገሩን ምስጋናችን ወሰን የለውም። እስካሁን ውኃው ሲመጣ እየሸሸን እንግዳ ስናሳዝን ኖረናል ማለት ነው። በዓሉ ጾም ያስገድፍ እንደ ሆነ የደብራችንን ቄስ ተክለ ማርያምን ጠየቅኋቸው፤ «ማስገደፉን እንጃ፤ ማስመጡን ግን አውቃለሁ» አሉኝ።

፫ኛ. ከባሕር ማዶ ወንድሞቻችን ጋር ስላስተዋወቁን። ፊልሙን በሲኒማ መኪና አምጥተው ወረታ ገበያ ላይ ባሳዩን ምሽት አስቀድመው አንድ የውጭ አገር ፊልም አሳይተውን ነበር። በዚያ ፊልም ከበሮ በተመታ ቁጥር ራቁታቸውን የሆኑ ሰዎች ከጫካ እየወጡ አንድ ነጭ ሰው ያባርራሉ፤ ድስትም ተጥዷል። ድንቅነሽ የምትባለው ጎረቤቴ «ምነው፣ እነዚህ ለመሮጥ ነው ወይስ ለመብላት ነው የሚመቱት?» ብላ ጠየቀችኝ። በኋላ ሳስበው ነገሩ ገባኝ። በባሕር ማዶ ፊልም ከበሮ መቺ ሁሉ ሰው ሊበላ ይመታል፤ በአገር ቤት ፊልም ከበሮ መቺ ሁሉ ሊስቅ ይመታል። ሥራ ኖሮት የሚመታ ከበሮ መቺ በሁለቱም አላየሁም።

፬ኛ. ስለ ጉልበቴ። የውጭው ፊልም አልቆ የእኛው ጀመረ። ደሳለው ከነጎፈሩ ፊልሙ በሚታይበት ነጭ አንሶላ ላይ ብቅ ሲል ሁሉም «ዋ! ደሳለው!» እያለ ሳቀ። ከዚያ መታ። የመኪናዋ ድምፅ ማጉያ የእኛን ምት ከገላነሽ እጅ ዐሥር እጥፍ አድርጎ «ርብ ሞላ» አለ። ወሩ መጋቢት ነበር፤ ርብ ጫማ ሳያስወልቅ የሚሻገሩት ወር። በበጋ እንደማይሞላ እናውቃለን። ነገር ግን ያን ምት መጀመሪያ የሚሰማው እግር ነው፤ ልብ ኋላ ይደርሳል። ገበያው ሙሉ ሰው ተነሥቶ ሮጠ። ድንቅነሽ በጥድፊያ የማታውቀውን ሰው በሬ ፈትታ ዳገት አወጣች፤ ባለቤቱ ሌባ ናት ብሎ ሲከተላት እርሱም ዳነ፤ ከምን እንደ ዳነ ግን ማንም አልነገረውም። እኔም ከሰው ጋር ሮጥሁ፤ ከአንድ ጉድጓድ ገባሁ፤ ጉልበቴ ከዚያ ወዲህ ሰማይ ሲደምን ከእኔ ቀድሞ ያውቃል።

የመኪናዋ ሠራተኛ ይህን አይቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። መሳቁ ባልከፋ፤ ነገር ግን ሰው በምቱ እንዲህ ከተነሣ መጥሪያ ይሆናል ብሎ አሰበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በወረታ፣ በይፋግና በሐሙሲት ፊልም ሊያሳይ ሲል አስቀድሞ ያችን ምት ያሰማል። በመጀመሪያ ሰው ሸሸ፤ ቀጥሎ ቆሞ ሰማ፤ በመጨረሻም «ሲኒማ መጣ!» እያለ ወደ ድምፁ መሄድ ለመደ። ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረውን ትምህርት እስከ ግንቦት አስረስቶ ጨረሰ። ለዚህ ትጋቱ ደመወዝ ሊጨመርለት ይገባል።

፭ኛ. ይህኛው አያስቅም፤ እኔ ግን ሲያስቅ አይቻለሁ። በሰኔ መጨረሻ ከላይ ከደብረ ታቦር በኩል ዶፍ ወረደና ርብ ሞላ። ገላነሽ መታች። ሰውም እንደ ልማዱ ተነሣ፤ ነገር ግን ወደ ዳገቱ አልወጣም። ልጆቹን አለባብሶ፣ በርጩማውን በራሱ ተሸክሞ ወደ ወንዙ ወረደ። ገላነሽ ከጉብታዋ ላይ ሆና «እናንተ! ምን ልትሆኑ መጣችሁ? ውጡ እንጂ!» ብትላቸው የገዛ ልጇ ባል አለኸኝ ከፊት ሆኖ «ምነው እማማ፣ ፊልሙን ልናይ ነዋ» አላት። «የምን ፊልም? ርብ ሞላ እኮ ነው የምልህ!» «እሱንማ ሰማን። ደሳለው የታል? እርስዎ እኮ አይስቁም!» ቄስ ተክለ ማርያምም ሲኒማ ኃጢአት መሆን አለመሆኑን ሊመረምሩ ከነጃንጥላቸው መጥተው ነበር። ምርመራቸውን ሳይጨርሱ ውኃው ደረሰ።

ያን ሌሊት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዋርካ ላይ አደረ። ሲነጋ ከዛፉ ላይ ሆነው ወደ ዳገቱ ቢመለከቱ ከብቶቻቸው በደረቅ መሬት ቆመው ያመሰኩ ነበር። ከብቶቹ ምቱን እንደ ሰሙ ገመዳቸውን በጥሰው ወጥተው ነበርና። እነርሱ ሲኒማ ገብተው አያውቁም።

ማንም አልሞተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ሐምሌና ነሐሴ ከፊታችን ናቸው። የገላነሽ ልጅ ሸዋዓለም ገና አራስ ናት፤ ቤቷም ከሜዳው ሁሉ ዝቅ ባለው ቦታ ነው፤ ባሏም ከላይ የነገርሁዎ አለኸኝ ነው። ገላነሽ ከበሮውን አውርዳ «ልጄ ካልሰማችው ለማን ልምታው?» ብላ እንደ ለቅሶ ቤት ከፊቱ ተቀምጣ አገኘኋት። መልሼ የሰቀልሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ ጉልበቴ።

ይህን ሁሉ በወረዳው ጸሐፊ በኩል አስቀድሜ አስታውቄ ነበር። የመጣልኝ ቃል «ፊልሙ እጅግ ስለ ተወደደ ሊቆረጥ አይቻልም፤ እንዲያውም ለሐምሌ ገብርኤል መኪናዋ እስከ ሜዳው ድረስ ትገባለች» የሚል ነው። ስለ ፈጣን መልስዎ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄውን ሳያነቡ ካልሆነ በቀር በዚህ ፍጥነት መመለስ አይቻልም።

ልመናዬ አጭር ነው። ደሳለው ይዝለል፤ ይሣቅ፤ ጎፈሩም ይቅር አልልም። የማይታየው ሰውም ስለ በዓላችን ይተርክ፤ ውሸት ስንሰማ የመጀመሪያችን አይደለም። ነገር ግን ያችን አንዲት ምት ከፊልሙም ከድምፅ ማጉያውም አውጡልን። በምትኳ መለከት ይነፋ፤ ካጡ አህያ ያናፋበት። ይህ ካልሆነ መኪናዋ በገብርኤል መጥታ በከብቶቻችን መካከል ያችን ምት ስትደጋግም፣ እነርሱም እንደ እኛ ይሠለጥናሉ፤ ያን ጊዜ በፎገራ ሜዳ ገላነሽን የሚያምን ነፍስ አይቀርም።

ይህን ደብዳቤ ሳነብላት ገላነሽ «ልመናው በዛ» ብላኛለች። እኔም ከዚህ በላይ አልጎነበስም። ጉልበቴ እንደማይታጠፍ ከላይ አስረድቻለሁ።

በአንሶላ ላይ የሚታየው ብርሃንዎ ሳይደበዝዝ፣ በዚህ ሜዳ የሚሰማው ድምፅዎ ግን ለአንድ ክረምት እንዲዘጋ ከልብ እየተመኘሁ፣ ተመልካችነቴን ሳልወድ የተቀበልሁ፣ በአክብሮት ግን የማልለቅዎ፤

አዛናው ትሁን

ድኅረ ጽሑፍ፤ ሐምሌ ፳፮ ቀን።

ደብዳቤውን ወረታ ሳላደርስ ርብ ቀደመኝ። መኪናዋ በገብርኤል ዋዜማ ወደ ሜዳው እንደ ገባች ውኃው መጣ፤ ገላነሽም መታች። አለኸኝ «መጣች!» ብሎ ነጠላውን ሲያጣፋ ላሚቱ ገመዷን በጥሳ ወደ ዳገቱ ነጐደች፤ እርሱ ላሚቱን ሊመልስ ተከተላት፤ ሸዋዓለምም ሕፃኑን ታቅፋ «ለላም ነው ለእኔ ነው የምትሮጠው?» እያለች ባሏን ልትሰድብ ተከተለችው። ቤታቸው የፈረሰው ሦስቱም ዳገቱን ከወጡ በኋላ ነው።

የእርስዎ ሠራተኛ ግን አልወጣም። መኪናዋ እስከ መስኮቷ ጭቃ ውስጥ ናት፤ እርሱን ከጣራዋ ላይ በበሬ ጎትተን አወጣነው። ደኅና ነው፤ በገላነሽ ቤት እየደረቀ ነው። «ከበሮውን አልሰማህም?» ብለን ስንጠይቀው «ሰምቻለሁ፤ የራሴ ድምፅ ማጉያ ክፍት የቀረ መስሎኝ ላጠፋው ከኋላ ስታገል ነው ውኃው የደረሰብኝ» አለን። ፊልምዎ የገዛ ሰውዎን እንኳ ሊያሳምን ችሏልና እንኳን ደስ ያለዎ።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ገላነሽ ድስት አንሥታ ስታስቀምጥ እንኳ ከበሮ እየመሰለው ባዶ እግሩን ዳገቱን ይወጣል። ባለፈው እሑድ እርሱን አይተው ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ተከትለውታል። ከከብቶቻችን በቀር ከበሮውን አምኖ የሚሮጥ ፍጡር ለጊዜው እርሱ ብቻ ስለ ሆነ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ አንመልስልዎትም።