ከግድግዳው ላይ እንዳትላጪው

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ያለ ምርኩዝ ደረጃ መውጣት ጀመርሽ? አባዬስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ከጎርፉ ተርፌ ደህና ነኝ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ስልክ ገና ስላልተጠገነ ነው በደብዳቤ የመጣሁብሽ።

ውሃው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስለገባ ኮሌጁ ውስጥ ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። የሬጅስትራሩ ምድር ቤት ግን እስከ ጣሪያው ሞላ። የአራት ዓመት ውጤታችን በሙሉ እዚያ ነበር። ቅጂ የላችሁም ወይ ብንለው፣ ኃላፊው ምን ቢለን ጥሩ ነው? አለን እንጂ፣ ከዋናው አጠገብ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር አለን! ሽማግሌው ዘበኛ ምድር ቤቱ በየክረምቱ ውሃ እንደሚያስገባ ስንት ጊዜ ነግሯቸው ነበር። ላይኛውን ክፍል ለስብሰባ ፈለጉታ። አሁን የጎርፍ መከላከያ ኮሚቴ አቋቁመው እዚያው ይሰበሰባሉ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ይባስ ብለው፣ የውጤት ማስረጃ ያላመጣ አይመረቅም አሉን። ያጠፉት እነሱ፣ አምጡ የምንባለው እኛ! በነርስነት ሊቀጥረኝ ቃል የገባው ጤና ጣቢያ የሚጠብቀኝ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው።

ደግነቱ መምህራኑ ሰው ናቸው። አዋላጅነት ያስተማረችን መምህርት ውጤት የምትመዘግብበትን ደብተር ቤቷ ታስቀምጥ ስለነበር ይዛልን መጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጭቃውን ጠርገን፣ ከየደብተሩ ስም በስም እየገለበጥን ነው። አንደኛ ዓመት ያስተማሩን ግን ለቀው ሄደዋል። የዚያ ዓመት ውጤቴ የለም።

እማዬ፣ የላክሁልሽን የውጤት ወረቀት ሳሎን ግድግዳ ላይ ስትለጥፊው የማታነቢው ወረቀት ምን ያደርግልሻል ብዬ አፌ እንዳመጣልኝ ተናግሬሽ ነበር። ይቅር በይኝ። ማኅተም ያለበት የአንደኛ ዓመት ውጤቴ ዛሬ ያለው አንቺ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው።

እንዳትላጪው፣ ይቀደዳል። ይህን የምታነብልሽ እህቴ ፎቶ አንስታ፣ ሁለት ቅጂ አሳትማ አንዱን በፖስታ ትላክልኝ። ኃላፊው ዋናውን አስመጪ ብሎኛል። ዋናውንማ ለእሱ አምኜ አልሰጥም! ካላመነኝ መጥቶ ግድግዳሽን ይይ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። እህቴን አንቺ ሰነፍ፣ ዛሬውኑ አንሺው በያት። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ሰላም በይልኝ፤ ሌላውን ቅጂም እሷ ቤት አስቀምጪ። ዋናውንና ቅጂውን አንድ ቤት ውስጥ እንዳታኖሪ።

ልጅሽ
ከኮሌጁ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስከረም 14 ቀን