ደረጃ መውረድ ለከበደው

ደባሌ፣

በስልክህ ያዘዝከው ሽንኩርት ደርሷል። አንድ ኪሎ መስሎህ «አንድ» የሚለውን ነክተህ፣ አንዲት ፍሬ ሽንኩርት በትልቅ ካርቶን እንደ ሙሽራ ተሸፋፍና መጣችልህ። ሳሙና አልቆባቸው በምትኩ የውሻ ሻምፑ ልከዋል። ጎሽ፣ እንግዲህ ውሻውንም እዘዝ!

ሩዙ ምድጃው ላይ ነው።
ሽንኩርት የለውም።

ከፎቃችን ስር ያሉት ባለሱቋ እትዬ «ያ ልጄ ወር ሙሉ የት ጠፋብኝ?» ብለው ጠየቁኝ። ሦስት ፎቅ መውረድ ታክቶት ነው ማለት አሳፍሮኝ «እግሩን ወለም ብሎት ነው» አልኳቸው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው።

የሟች ባላቸውን ምርኩዝ ላኩልህ፤ በሩ ጀርባ አቁሜዋለሁ። ራስህ ወርደህ መልስላቸው። እውነቱን ለመናገር ካልደፈርክ ግን፣ አደራ፣ አንክስ።