ማን ሞቶባት ነው?

ሰኞ፣ የካቲት 9

ጠዋት የገባ፦ ከበዴሳ ስምንት ጆንያ ቦሎቄ። አንዱ ነቅዟል፣ መለስኩት። ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘጋሁ።

በዴሳ የምትኖረው የእህቴ የብዙነሽ ልጅ ታደለች ሶዶ ገባች። በሕፃንነቷ በጉዲፈቻ ኖርዌይ ሄዳ እዚያው አደገች። አሁን ፊልም ትሠራለች። አማርኛም ወላይትኛም አትሰማም። ብዙነሽ ደግሞ ከወላይትኛ ሌላ አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ የምታስተምረው ሰላማዊት የልጅቷን እንግሊዝኛ በአማርኛ ትነግረኛለች፣ እኔ ለእህቴ በወላይትኛ እነግራለሁ። መሀል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ፊልሟን ቤቴ በላፕቶፕ አየን። በረዶ። ዝምታ። ባንዲራ ይዘው የሚሰለፉ ልጆች። ታደለች የአገሩን የጥልፍ ቀሚስ ለብሳ መሀላቸው ቆማለች። አንድ ሽማግሌ ፈገግ ብሎ "ቀሚሱ ያምርብሻል። ግን የየት አገር ሰው ነሽ?" ይላታል።

ሰላማዊት እንዲህ አለችኝ፦ "የኖርዌዮች መጽሐፍ ድሮ 'እኛ ማን ነን?' ሲል ገበሬውንና ተራራውን አሳይቶ ይመልስ ነበር። አሁን በፊልሙም በመጽሐፉም የሚጠይቁት፣ እንደ ታደለች መልሱ ውስጥ ያልገቡት ናቸው።"

ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ አለመሆኑ ነው የከበደኝ። ቢሰድባት መልስ ነበራት።

መጨረሻ ላይ ጥቁር ለብሳ በረዶ ላይ አበባ ታስቀምጣለች። ብዙነሽ ክንዴን ያዘች። "ማን ሞቶባት ነው?"

ልጅቷ ስትሄድ በጉዲፈቻ ወረቀቷ ላይ እናቷ ሞታለች ተብሎ ተጽፎ ነበር። ፊልሙን የሠራችው ብዙነሽ የሞተች መስሏት ነው። እውነቱን ያወቀችው በኋላ ነው። "ያዘነችው ለብዙነሽ እንደነበር በግልጽ ንገራት ትላለች ታደለች" አለችኝ ሰላማዊት። በቁሙ ላለ ሰው ማልቀስ እኛ ዘንድ ሟርት ነው።

"ያሳደገቻት እናቷ ሞታ ነው" አልኳት ለእህቴ።

ረቡዕ

ብዙነሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ሦስት የዕድር ሴቶች አስከትላ ከበዴሳ መጣች። ንፍሮ ይዘዋል። "ልጄን ያሳደገች ሴት ሞታ እንዴት ዝም እላለሁ?" ሳሎኔ ለቅሶ ቤት ሆነ። ታደለች ምን እንደሆነ ሳታውቅ እናቷን ስታይ አለቀሰች። "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" ይሏታል። አንዷ ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣ "ፈረንጅ ንፍሮ ይበላል?" አለችኝ።

ሰላማዊት ወደ ጓዳ ጠራችኝ። "ጋሽ ማርቆስ፣ የሚለቀሰው ለማን ነው?"

ነገርኳት።

"ሴትዮዋ እኮ አለች። ቅዳሜ ሶዶ ትገባለች።"

ሴቶቹ እስኪመሽ አለቀሱ። አላስቆምኳቸውም።

ሐሙስ

ታደለችና ሰላማዊት ሱቅ መጡ። ልጅቷ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ሰላማዊት ሁሉንም ነግራታለች።

"እኔ አገር ሰው በጨዋነት ዝም ይላል። ፊልሙን የሠራሁት ስለዚያ ነበር" አለች ታደለች።

"ለእናትሽ አዝኜ ነው" አልኩ።

"እዚያም እንደዚሁ ነው የሚሉት።"

ደንበኛ መጣ፣ መዘንኩለት። ስመለስ ሄደዋል።

ሁለት እናት አላት። ሁለቱም በሕይወት አሉ፣ ሁለቱም ተለቅሶላቸዋል። ለአንዷ በረዶ ላይ፣ ለአንዷ እኔ ሳሎን ውስጥ። ብዙነሽ የራሷን ለቅሶ በዓይኗ አይታ ለሌላ ሰው ነጠላ ዘቀዘቀች። ስትሰማ ማንን ይቅር እንደምትል አላውቅም። ምናልባት ወረቀቱን የጻፉትን ትተዋቸው ይሆናል፣ እኔ ግን አጠገቧ ያለሁ ወንድሟ ነኝ።

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ በዴሳ። ብዙነሽን ከሴቶቹ ለይቼ፣ በወላይትኛ፣ ምንም ሳልቀንስ እነግራታለሁ። የነቀዘውን ጆንያ ምትክ ከዚያ በኋላ።